ወረቀቱ 1.9 ዋት ይላል፤ ባትሪው ግን ሌሊት 8 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ

ስልኩ የጮኸው ገና ሳይነጋ ነው። «ቲቸር፣ ሞተ» አለኝ። ክው አልኩ። ቀጥሎ «ቦርዱ እኮ ነው» ሲለኝ አንዴ ሰድቤው ተመልሼ ተኛሁ።

ልጁ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ቃሉ ወረዳ፣ የቤተሰቦቹ በቆሎ ማሳ ዳር ነበር ያደረው። የመመረቂያ ሥራው ጃርት የሚጠብቅ ካሜራ ነው። ካሜራው ያያል። ኤፍፒጂኤ (ውስጡ እንደፈለጉ ደጋግሞ የሚጻፍ ቺፕ) ያለበት ቦርድ ምስሉን እየመረመረ «ይሄ ጃርት ነው፣ ይሄ ውሻ ነው» ይላል። ጃርት ከሆነ መብራት ቦግ ያደርጋል። ሐሳቡ ማማ ላይ ብርድ እየጠበሳቸው የሚያድሩትን ታናናሾቹን ቤት ማስገባት ነው።

መሣሪያው በ12 ቮልት፣ በ7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይሠራል። ቀን በሶላር ይሞላል። ስሌቱም ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። ባትሪው 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሊድ አሲድ ስለሆነ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀማለን፤ 42 ዋት ሰዓት። ቺፑ 1.9 ዋት ይበላል። 42 ለ1.9 ሲካፈል 22 ሰዓት ይመጣል። ሌሊቱ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ተርፎ ይተርፋል።

አልተረፈም። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የበራው መሣሪያ ሌሊት 8 ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ጃርቷ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደመጣች አይታወቅም፤ መምጣቷን ግን በቆሎው ይናገራል።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ሰኞ ቦርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቁጭ አልን። «ይቺን 1.9 ከየት አመጣሃት?» አልኩት። «ከቪቫዶ» አለኝ። ቪቫዶ የዛይሊንክስ፣ አሁን ደግሞ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2022 የጠቀለለው የኤኤምዲ፣ የዲዛይን ሶፍትዌር ነው። ሥራችሁን ጨርሳችሁ የፓወር ሪፖርት አውጣ ስትሉት ባለቀለም ገጽ ያወጣላችኋል። ይሄን ያህል ክሎኩ (የቺፑን ሥራ የሚያስኬደው ምት) ይበላል፣ ይሄን ያህል ሜሞሪው፣ ይሄን ያህል ዝም ብሎ ይፈሳል ይላል። እስከ ሺኛ ዋት ድረስ ይተነትናል። ያየ ሰው ለካው እንጂ ገመተ አይልም።

ግን ግምት ነው። ከቁጥሩ ጋር አብራ የምትወጣ አንዲት መስመር አለች። «የመተማመን ደረጃ» ትላለች፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይ ከፍተኛ። የልጁ «ዝቅተኛ» ነበር። ቁጥሩን ገልብጧል፤ መስመሯን ትቷታል። እሱ ብቻ አይደለም። ካየኋቸው የመመረቂያ ወረቀቶች ብዙዎቹ ይቺን መስመር አያውቋትም።

ለምን ዝቅተኛ ሆነ? ሶፍትዌሩ ዲዛይኑ ውስጥ ያሉት ሲግናሎች በሥራ ሰዓት ስንቴ ከዜሮ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ እንደሚገላበጡ አያውቅም። ካልነገራችሁት የራሱን ይወስዳል፤ በ100 የክሎክ ምት 12 ጊዜ ተኩል። ሠፈሩን ሳያይ ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት መዋጮ እንደሚጥል እድር ማለት ነው። የናንተ ዲዛይን ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ የሚያይ ካሜራ ከሆነ መገላበጡ ያንሳል። ዝናብ፣ ንፋስና የሚወዛወዝ በቆሎ ካየ ይበዛል። እውነተኛ ምስል አስገብታችሁ ሲሙሌሽን (ዲዛይኑን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማስኬድ) ብትሠሩና የመገላበጡን መዝገብ ለሪፖርቱ ብትሰጡት ግምቱ በጣም ይሻሻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ አይሠራም።

ከዚህም የከፋው ሌላ ነው። 1.9 ዋት የቺፑ ብቻ ነው። ቦርዱ ላይ ግን ዲዲአር ሜሞሪ አለ፣ የኤችዲኤምአይ ቺፕ አለ፣ የኔትወርክ ቺፕ አለ፣ ዩኤስቢው ላይ የተሰካው ካሜራ አለ፣ የሚበሩ ኤልኢዲዎች አሉ፣ ከ12 ቮልት ወደ ታች የሚያወርዱት ሬጉሌተሮችም የየራሳቸውን ቆርጠው ይወስዳሉ። ባትሪው የሚከፍለው የሁሉንም ነው። ልጁ የሙሽራዋን ምግብ ብቻ አስልቶ ለሠርጉ ድንኳን ተክሏል።

ኤፍፒጂኤ ለምን አስቸጋሪ ሆነ?

ለማያውቁት ባጭሩ። ተራ ቺፕ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ነው። ኤፍፒጂኤ ደግሞ ጡብ፣ በርና መስኮት ተከምሮ የተሰጣችሁ ግቢ ነው፤ ዛሬ ሳሎን፣ ነገ ጎተራ ታደርጉታላችሁ። የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው ዛይሊንክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985። ዛሬ ከቴሌኮም አንቴና እስከ ሳተላይት ይገኛል።

ስለዚህ «ይሄ ኤፍፒጂኤ ስንት ዋት ይበላል?» የሚል ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ምን ጻፋችሁበት ነው ጥያቄው። ፍጆታው ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ባይሠራም የሚፈሰው ነው፤ ቺፑ መብራት ስላገኘ ብቻ የሚያልፍ ከረንት። ሁለተኛው ሲሠራ የሚበላው ነው። ይሄኛው በመገላበጥ ብዛት፣ በክሎኩ ፍጥነትና በቮልቴጁ ይወሰናል። ቮልቴጁ ደግሞ በካሬ ነው የሚገባው፤ ቮልቴጅ በ10 በመቶ ቢቀንስ ይሄ ክፍል ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል። ክሎኩን በግማሽ ብትቀንሱ ይሄው ክፍል በግማሽ ይቀንሳል። የሚፈሰው ግን ንቅንቅ አይልም። «ክሎኩን በግማሽ ቀነስኩ፣ ፍጆታው ለምን በግማሽ አልቀነሰም?» ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

የት ላይ እንለካ?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። ቤታችሁ በር ላይ ያለው ቆጣሪ ወሩን ሙሉ የበላችሁትን ይነግራችኋል። ምጣዱ ይሁን ፍሪጁ አይነግራችሁም። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል አካባቢ ይጎትታል፤ አምፖሉ ደግሞ 9 ዋት። በር ላይ ቆማችሁ አምፖሉን መለካት አትችሉም፤ ምጣዱ ሲጣድ ይውጠዋል። ቦርድም እንደዚያ ነው። መግቢያው ላይ ብትለኩ ጠቅላላውን ታገኛላችሁ። የራሳችሁን ዲዛይን ፍጆታ ከፈለጋችሁ የቺፑ እምብርት የሚመገብበት መስመር ላይ መውረድ አለባችሁ። «7 ሲሪስ» ከሚባሉት የዛይሊንክስ ቺፖች በብዙዎቹ ይሄ መስመር 1 ቮልት ነው። ከሱ ጎን የ1.8 እና የ3.3 ቮልት መስመሮች አሉ። እያንዳንዳቸው የተለያየ የቺፑን ክፍል ይመግባሉ።

የሚለካው እንዴት ነው? መስመሩ መሐል በጣም ትንሽ ሬዚስተር ይገባል፤ ሸንት ይሉታል። ከረንት ሲያልፍበት ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። እሱን ለክታችሁ ለሬዚስተሩ ስታካፍሉት ከረንቱ ይወጣል። የኦም ሕግ ነው፤ አሥረኛ ክፍል የተማርነው።

ልጁ የያዘው ዜድቦርድ የሚባለውን ቦርድ ነው፤ ዚንክ 7020 የሚባል የዛይሊንክስ ቺፕ ያለበት። ይሄ ቦርድ የ12 ቮልት መግቢያው ላይ 10 ሚሊ ኦም ሸንት ተበይዶበት ነው የሚመጣው። ጄ21 የሚባሉ ሁለት ፒኖች አሉት። መልቲሜትሩን እዚያ ብቻ ነው የምታስነኩት። ገመድ አይቆረጥም፣ ምንም አይነቀልም። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ቦርድ ሲያገላብጥ ጄ21ን አይቷት አያውቅም ነበር። ቦርዱ እየሠራ መልቲሜትሩን 200 ሚሊ ቮልት ላይ አድርገን ነካነው። 4.5 ሚሊ ቮልት። ለ10 ሚሊ ኦም ሲካፈል 0.45 አምፒር። በ12 ቮልት ሲባዛ 5.4 ዋት። 42 ለ5.4 ሲካፈል 7 ሰዓት ከ47 ደቂቃ አካባቢ። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ሳይሞላ።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ «ያ ረቢ፣ ይቺ ሁሌም እዚህ ነበረች?» አለ ፒኗን እያየ።

ሁሉም ቦርድ እንዲህ ቸር አይደለም። አንዳንዶቹ ከዚህም ይሻላሉ። ዜድሲዩ102 የሚባለው ትልቁ ቦርድ ለየመስመሩ አይኤንኤ226 የሚባል የመለኪያ ቺፕ አለው፤ ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ እንደ ፋይል ታነቡታላችሁ። ኬሲ705 እና ዜድሲ702 ደግሞ ፒኤምባስ በሚባል መስመር የሚያናግሯቸው የፓወር መቆጣጠሪያዎች አሏቸው። ርካሾቹ የተማሪ ቦርዶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምንም የለም። ቺፑ ውስጥ ያለው ኤክስኤዲሲ የሚባለው መለኪያ ያድነናል ብለው የሚያስቡ አሉ። እሱ የቺፑን ሙቀትና ቮልቴጅ ይነግራችኋል። የመስመሩን ከረንት ግን በራሱ አያውቅም። ዋት ደግሞ ያለ ከረንት አይወጣም።

በገዛ እጄ ያበላሸሁት

ሸንት የሌለው ቦርድ ላይ ሸንት ማስገባት ይቻላል። ግን ረጋ ብሎ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ገበያ ላይ የሚገኘውን አይኤንኤ219 የሚባል የከረንት መለኪያ ሞጁል ገዝቼ የ1 ቮልት መስመር ላይ ቀጥታ አስገባሁት። ሞጁሉ ላይ ያለው ሸንት 0.1 ኦም ነው። ትንሽ ይመስላል። 1 አምፒር ሲያልፍበት ግን 0.1 ቮልት ይወስዳል። ከ12 ቮልት ላይ 0.1 ቢቀነስ ማንም ልብ አይለውም። ከ1 ቮልት ላይ ሲቀነስ ግን ቺፑ 0.9 ቮልት ቀረው ማለት ነው። የተፈቀደለት ደግሞ ከ0.95 እስከ 1.05 ነው። ዲዛይኔ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቀባዥራል። ሁለት ቀን ኮዴ ውስጥ ስህተት ስፈልግ ከረምኩ። ስህተቱ መለኪያዬ ነበር። በሽተኛውን ለመመዘን ብሎ ደሙን እንደመቅዳት ያለ ነገር።

ለእንዲህ ያለው መስመር 10 ሚሊ ኦም ወይ 5 ሚሊ ኦም ነው የሚያስፈልገው። ከየት ይገኛል? ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የላፕቶፕ ጥገና ቤት ሄጄ ነገርኩት። ጠጋኙ ከወንበሩ ሥር የሞቱ የላፕቶፕ ቦርዶች የታጨቁበት ካርቶን ጎትቶ አወጣ። «አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ሞልቷል» አለኝ። ባትሪ መሙያው ሰርኪዩት አጠገብ ጥፍር የምታህል ጥቁር ሬዚስተር አሳየኝ። ላይዋ ላይ «አር010» ተጽፏል። አር የምትለዋ የነጥቡን ቦታ ነው የምታሳየው፤ 0.010 ኦም፣ ማለትም 10 ሚሊ ኦም። በሙቅ አየር ነቅሎ ሰጠኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ሻይ ግን አስከፈለኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ጄ21 ላይ አይኤንኤ226 ሞጁል እንዲሁ ብታገናኙት የሞጁሉ የራሱ ሸንት ከቦርዱ ሸንት ጋር ጎን ለጎን ይገባል። 0.1 ኦም እና 10 ሚሊ ኦም ጎን ለጎን 9.09 ሚሊ ኦም ይሆናሉ። ንባባችሁ ወደ 9 በመቶ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ፍጆታ ስላነሰ ደግሞ ትደሰታላችሁ እንጂ አትጠራጠሩም። የሞጁሉን ሸንት ነቅላችሁ ነው ማገናኘት።

መቼ ነው የምንለካው?

«በቅጽበቱ መለካት» ሲባል ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚረዳው። መልቲሜትር በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ያነባል። አይኤንኤ226 ቮልቴጅና ሸንቱን በፈጣኑ አሠራሩ እያንዳንዳቸውን በ140 ማይክሮ ሰከንድ ይለካል፤ ሁለቱን በ280። በሰከንድ ሦስት ሺህ ተኩል ንባብ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ክሎካችሁ 100 ሜጋ ኸርዝ ከሆነ ግን በአንድ ንባብ ውስጥ 28,000 ምት አልፏል። በዚያ መሐል ቺፑ ስንቴ ተነስቶ ስንቴ ተኝቷል። በዚያ ላይ ቺፑ ዙሪያ የተደረደሩት ካፓሲተሮች (ጥቂት ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ድንገተኛውን ጉተታ ዋጥ አድርገው ለስልሶ እንዲታይ ያደርጉታል። ስለዚህ የምታነቡት የቅጽበት አማካይ ነው።

አማካዩ ለባትሪው ይበቃል፤ ባትሪ የሚያልቀው በድምሩ ነው። ለሬጉሌተሩ ግን አይበቃም። ሬጉሌተር የሚንበረከከው ጫፉ ላይ ነው። አማካዩ 0.5 አምፒር የሆነ መስመር ለሚሊ ሰከንድ 2 አምፒር ሊጎትት ይችላል፤ ቦርዱ ያን ጊዜ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። «ያለ ምክንያት ሪሴት ያደርጋል» ከሚባሉት ቦርዶች መሐል እንዲህ ዓይነት ሚስጥር ያላቸው አሉ። ጫፉን ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል፤ የቮልቴጁን ውጣ ውረድ ስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ።

ጊዜውን ከሥራው ጋር ማስተሳሰሪያው ዘዴ ቀላል ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ኤፍፒጂኤው ምስሉን መመርመር ሲጀምር አንድ ትርፍ ፒን ወደ አንድ ያንሳ፤ ሲጨርስ ወደ ዜሮ ይመልስ። ያን ፒን ከከረንቱ ጋር አብራችሁ መዝግቡ። አሁን የትኛው ጉብታ የናንተ ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው ካሜራው እንደሆነ ታያላችሁ። ከዚያ ዋቱን በጊዜው አባዙት፤ ጁል ይወጣል። በ2 ዋት በ10 ሚሊ ሰከንድ የሚጨርስ ዲዛይን 20 ሚሊ ጁል ይበላል። በ1 ዋት በ30 ሚሊ ሰከንድ የሚጨርሰው 30። ዋት ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ባትሪው ግን መጀመሪያውን ነው የሚወደው፤ ሲጨርስ መተኛት ከቻለ።

ዜሮ ያደረው ሌሊት

አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እንዲመዘግብ ትቼው አደርኩ። ማለዳ ስመጣ ላፕቶፑ ላይ ሺህ በሺህ መስመር ተደርድሯል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወዲህ ያለው ከረንት በሙሉ ዜሮ። ቮልቴጁ ግን 12። ቮልት አለ፣ ከረንት የለም፣ ቦርዱ ደግሞ ሲነካ ይሞቃል።

ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቷል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አልተሰማውም። ሴንሰሩ ግን የሚመገበው ከቦርዱ ስለነበር ጠፍቶ ተነሳ። አይኤንኤ226 ሸንቱ ስንት ኦም እንደሆነ የሚነገርበት አንድ ቦታ አለው፤ የካሊብሬሽን ሬጂስተር። መብራት ሲጠፋ ይረሳዋል። ሲነሳ እዚያ ያለው ዜሮ ነው። እስኪጻፍበት ድረስ ከረንቱን ዜሮ ይላል። ቮልቴጁን ለማንበብ ግን ይሄ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ 12 ማለቱን አላቆመም።

ሲብስ ደግሞ ኤፍፒጂኤውም ረስቶ ነበር። የዚህ ዓይነት ቺፕ ዲዛይኑን የሚይዘው በኤስራም፣ መብራት ሲጠፋ በሚረሳ ሜሞሪ ነው፤ በኬብል ጭናችሁበት ፍላሽ ላይ ካላስቀመጣችሁለት መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ከ7 ሰዓት በኋላ ሴንሰሩ ባይረሳ ኖሮ እንኳ የምለካው ባዶ ቺፕ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየንባቡ ሬጂስተሩን መልሼ አነባለሁ፤ ዜሮ ከሆነ እጽፍበታለሁ። መብራት በሚሄድበት ከተማ ለሚለካ ሰው ይሄ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ይሄን እንደ ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፤ የጻፉት ሰዎች መብራት አይሄድባቸውም መሰለኝ።

ደሴና ኮምቦልቻ

አንድ ቦርድ፣ አንድ ዲዛይን፣ ሁለት ከተማ። መሐላቸው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ንባቡ ግን አንድ አይሆንም። የሚፈሰው ከረንት ቺፑ ሲሞቅ ይጨምራል። ከጦሳ ተራራ ሥር ደሴ በብርዱ የለካችሁትና ኮምቦልቻ በቀትር የለካችሁት ቢለያይ ተሳሳትኩ አትበሉ። የቺፑን ሙቀት አብራችሁ መዝግቡ፤ ለዚህ ኤክስኤዲሲው ጥሩ ነው። ያበራችሁት ወዲያው ደግሞ አትለኩ። እስኪሞቅ ጠብቁ፤ አቦሉ እስኪወርድ ያህል።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። የአምራቹ ሠንጠረዥ «በዚህ ዋት ይሄን ያህል ይሞቃል» ሲል ከባሕር አጠገብ ያለን ጠረጴዛ እያሰበ እንዳይሆን ተጠራጠሩ። የደሴ ብርድ ቢያካክሰውም እንኳ ማስላት አይከፋም።

ይሄ ሁሉ አሁን ለምን?

«ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት አለን፤ አንተ በሚሊ ቮልት ትጨነቃለህ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ግድቡ ያስደስተኛል። ግን ማሳው ላይ ምሰሶ የለም። የጃርት ካሜራው ግድቡን የሚያውቀው በሬዲዮ ብቻ ነው። ምሰሶ ያለበትም ቦታ ቢሆን ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው።

በዓለም ደረጃም ወሬው ወደ ዋት ዞሯል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው ዳታ ሴንተሮች እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 415 ቴራ ዋት ሰዓት በልተዋል፤ ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ገደማ። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሄን እየገፋው ነው። ለዚህ ነው ምስሉን ሩቅ አገር ልኮ ከማስመርመር እዚያው ማሳው ላይ በትንሽ ቺፕ መመርመር የተወደደው። ኤፍፒጂኤን የሚሸጡልንም «በዋት ይሄን ያህል ሥራ» እያሉ ነው። ያን የሚሉት የት ላይ ለክተው እንደሆነ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው። ቺፑ ላይ ነው ወይስ መግቢያው ላይ? ሜሞሪው ተቆጥሯል? ስንት ዲግሪ ላይ?

አንድ የጎን ወሬ፤ ከረንት ሚስጥርም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፖል ኮቸር፣ ጆሹዋ ጃፍና ቤንጃሚን ጁን የአንድን ቺፕ የከረንት ውጣ ውረድ እያጠኑ የሚስጥር ቁልፉን ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። የምንለካው ሸንት ለሌላ ሰው መስኮት ነው። ለጃርት ካሜራ አያሳስብም። ለካርድ ቆጣሪና ለባንክ ማሽን ግን ያሳስባል።

ወደ ልጁ እንመለስ። በጀቱ ታውቋል፤ 42 ዋት ሰዓት ለ12 ሰዓት፣ 3.5 ዋት። ያለነው 5.4 ላይ ነው። መጀመሪያ ያሰበው ቦርዱን አጥፍቶ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ማስነሳት ነበር። ሊኑክሱ እስኪነሳ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ሲለካው ተወው። ጃርቷ በቆሎውን ጨርሳ ትሄዳለች እንጂ አትጠብቀውም። ሲነሳም ጉተታው ዝም ብሎ ከሚሠራበት ይበልጣል፤ ሸንቱ ላይ አየነው።

ስለዚህ አንድ በአንድ መቀነስ ጀመርን። አንዱን አጥፍቶ ማንበብ፣ ሌላውን አጥፍቶ ማንበብ። ኤችዲኤምአዩን ማሳ ላይ የሚያየው የለም፤ ጠፋ። የኔትወርኩ ቺፕ ተኛ። የመርማሪው ክሎክ ወረደ፤ በሰከንድ 30 ምስል ለጃርት ምን ያደርጋል፤ 5 ይበቃታል። ጄ21 ላይ 3.1 ሚሊ ቮልት ደረስን። 3.72 ዋት። 0.22 ዋት ቀረችን።

ልጁ «ካሜራውን በሌላ ልቀይረውና እናያት» አለ። ቀየረው። መልቲሜትሩ 3.0 አለ። ከዚያ 3.1። ከዚያ 2.9። የዚህ ርካሽ መልቲሜትር መጨረሻ አሃዝ በሁለት ሊዋዥቅ ይችላል፤ 0.2 ሚሊ ቮልት። ወደ ዋት ስንቀይረው 0.24። የምንፈልጋት ልዩነት መለኪያችን ከሚስተው ታንሳለች።

አይኤንኤ226 በዚህ ሸንት ላይ እስከ 3 ሚሊ ዋት ለይቶ ያነባል። የሞጁሉን ሸንት የሚነቅልልን ስለሌለ ልጁ ቅዳሜ ደሴ ወጥቶ ፒያሳ ያንን ጠጋኝ ያገኘዋል። የሻይ ገንዘብ ያዝ ብዬዋለሁ።